«ለአንድ ሲዝን ቤታችንን እናስይዝ ይለኛል»

ደብዳቤው፦

«ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምንኖረው ለንደን ነው። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቁ በመጪው ማርች 15 ዓመት ይሞላዋል። ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ካርት (የልጆች ትንሽ የውድድር መኪና) ይነዳል፣ ብዙ ዋንጫም አምጥቷል። አሁን አንድ ቡድን ለብሪታንያ ፎርሙላ 4 ሻምፒዮና እንፈልገዋለን ብሎናል። የአንድ ሲዝን ዋጋው 320,000 ፓውንድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ በትንሽ ጽሑፍ «ቫት ሳይጨምር» ይላል። ባለቤቴ 200,000 ቤታችን ላይ እንበደር፣ የቀረውን ከስፖንሰርና ከዘመድ እናሟላለን ይላል። የፎርሙላ 1 ሻምፒዮኑ የሉዊስ ሃሚልተን አባትም እንዲህ ነው ያደረገው እያለ ይሟገተኛል። እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መኪናውንም እፈራዋለሁ። ለእናቴ ደሴ በየወሩ የምልከው ራሱ ሊቀር ነው። ግን እምቢ ብል ልጄ አድጎ «ያስቀረችኝ እናቴ ናት» ይለኛል ብዬ እሰጋለሁ። መልስ የምንሰጠው በወሩ መጨረሻ ነው። ምን ትመክሪኛለሽ?»

መልስ፦

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ቀስ ብለን እናየዋለን። ቤታችሁን አታስይዙ። ይህን የምልሽ ልጅሽ አይችልም ብዬ አይደለም። ምናልባት በጣም ጎበዝ ነው። እኔ ይህን ስፖርት ከልቤ እወደዋለሁ፣ የፎርሙላ 4 ልጆችን ውድድር ቁጭ ብዬ ነው የምከታተለው፣ እና አንድ የሀበሻ ልጅ እዚያ መነሻ መስመር ላይ ቆሞ ባይ ደስታዬን አልችለውም። ግን ቤት የሚያስይዝ ሰው ምን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። እናንተ የቀረበላችሁን ነገር በደንብ ያስረዳችሁ ሰው ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ «ቡድኑ ይፈልገዋል» የሚለውን ነገር እንይ። በፎርሙላ 4 አብዛኛው ቡድን የሚኖረው ወንበር እየሸጠ ነው። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው። መካኒኩ፣ ኢንጂነሩ፣ የጭነት መኪናው፣ ጎማው፣ ሁሉም የሚከፈለው የልጆቹ ቤተሰቦች በሚያመጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ሲዝኑ ሳይጀምር ወንበር መሙላት አለባቸው። የልጁን ችሎታ አይተው ከልባቸው የፈለጉት ከሆነ ይህ ዋጋው ላይ ይታያል፤ ወይ ይቀንሱላችኋል፣ ወይ ከፋዩን ራሳቸው ያፈላልጋሉ፣ ወይ ከፎርሙላ 1 ቡድኖች የታዳጊ ፕሮግራም ጋር ያገናኙታል። ሙሉ ዋጋ ጠይቆ «እንፈልገዋለን» ያለ ቡድን የሚፈልገው ደንበኛ ነው። ይህን ስልሽ ልብሽን እንደሚከፋው አውቃለሁ፣ ግን ከቡድኑ ደብዳቤ በላይ ልጅሽን ሊመዝኑት የሚችሉ ሌሎች ነገሮች አሉ፤ እመለስበታለሁ።

ሻምፒዮናው ራሱ ምንድን ነው? ፎርሙላ 4ን ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ያቋቋመው ከካርት የሚወጡ ልጆች ወደ ትልቁ መኪና የሚሻገሩበት ደረጃ እንዲሆን ነው። በ2014 ጣሊያን ውስጥ ተጀመረ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)፣ ብሪታንያ በ2015 ተከተለች። ሲታሰብ የአንድ ሲዝን ወጪ ከ100,000 ዩሮ እንዳይበልጥ ነበር። አንቺ እጅ ላይ ያለው ወረቀት ያ ሐሳብ የት እንደደረሰ ይነግርሻል። ደግሞ የሚገርመው የሁሉም ልጅ መኪና አንድ ዓይነት ነው። ከ2022 ጀምሮ ብሪታንያ ውስጥ ሁሉም የሚነዱት የጣሊያኑን ታቱስ መኪና በአባርዝ ቱርቦ ሞተር ነው፣ ጎማውም አንድ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የሚያሸንፈው ጎበዙ ነው» ይላል። ባለቤትሽም እንዲህ ሳይልሽ አይቀርም።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። መኪናው እኩል ሲሆን ገንዘቡ ወደ ልምምድ ይሄዳል። ሀብታሙ ቤተሰብ ልጁን ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ኤምሬትስ ወስዶ የዚያን አገር የፎርሙላ 4 ሲዝን ያስነዳዋል። እንግሊዝ ሲመለስ ደግሞ ብራንድስ ሃችን፣ ስኔተርተንን፣ ኦልተን ፓርክን የመሳሰሉት ትራኮች ላይ ውድድሩ ሳይጀምር ደጋግሞ ይለማመዳል። አዲስ ጎማ እንደልብ ይቀየርለታል። ከጎኑ ልምድ ያለው ኢንጂነር ቁጭ ብሎ እያንዳንዱን ኩርባ በዳታ ያሳየዋል፤ እዚህ ጋ ፍሬን ቶሎ ለቀቅክ፣ እዚያ ጋ መሪውን አበዛህ እያለ። ያንቺ ልጅ ከዚህ ልጅ ጋር እኩል መኪና ይዞ ይሰለፍና በሰከንድ አምስት አስረኛ ወደኋላ ይቀራል። ፎርሙላ 4 ላይ አምስት አስረኛ ከፊትና ከኋላ ያለውን ልዩነት ሁሉ የሚያካትት ነው። ከዚያ ልጁ «አልችልም ማለት ነው» ብሎ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። ይሄ ነው ከሁሉ የሚያሳዝነኝ።

አሁን አንድ ታሪክ ልንገርሽ፣ ለባለቤትሽም አንብቢለት። በ2017 የብሪታንያ ፎርሙላ 4 ሻምፒዮን የሆነው ጄሚ ካሮላይን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ሁለተኛ የወጣው አውስትራሊያዊው ኦስካር ፒያስትሪ ነው። ፒያስትሪ ዛሬ ማክላረን በሚባለው የፎርሙላ 1 ቡድን ውስጥ ነው፣ ከ2023 ጀምሮ በፎርሙላ 1 እየነዳ ውድድር አሸንፏል። ያኔ ያሸነፈው ካሮላይንስ? ወደ ፎርሙላ 1 የሚወስደውን ደረጃ እስከ ላይ አልወጣውም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በዚያው ሻምፒዮና፣ ነጥብ ተቆጥሮ አንደኛው እሱ ነበር። ማሸነፉ ብቻውን የሚቀጥለውን ዓመት አይከፍልም።

ከ2015 እስከ 2025 ድረስ አስራ አንድ ልጆች ይህን ሻምፒዮና አሸንፈዋል። ከእነዚህ ውስጥ እስከ 2025 መጨረሻ በፎርሙላ 1 ለመወዳደር የበቃው አንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ሻምፒዮን ላንዶ ኖሪስ። ኖሪስ በ2025 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፣ ችሎታውን ማንም አይክድም፣ ግን አባቱ ትልቅ ባለሀብት ነው። የ2016ቱ አሸናፊ ማክስ ፊውትሬል ፎርሙላ 3 ደርሶ በ2020 ሲዝኑን ሳይጨርስ ወጣ። የ2018ቱ ኪየርን ጁዊስ ባለ አንድ መቀመጫውን ትቶ ወደ ፖርሼ ሄደና በ2022 የብሪታንያ ፖርሼ ካፕን አሸነፈ። እሱ ጥሩ ኑሮ ነው፣ የተከበረ ሙያ ነው። ግን እነዚህ ሁሉ ሻምፒዮኖች ናቸው! ሰባተኛ ወይም አስራ አንደኛ የወጣው ልጅ የት እንደደረሰማ ማን ይጠይቃል።

በነጥብም እንየው። ፎርሙላ 1 ለመንዳት የሚያስፈልገው ሱፐር ላይሰንስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሚሰበሰብ 40 ነጥብ ይጠይቃል። የፎርሙላ 4 ሻምፒዮን 12 ያገኛል፣ ሁለተኛው 10፣ ሦስተኛው 7፤ ሰባተኛው ላይ 1 ሆኖ ያበቃል። ከዚያ በላይ የክልል ፎርሙላ፣ ፎርሙላ 3፣ ፎርሙላ 2 አሉ፣ እያንዳንዱም ከበፊቱ ይወደዳል፣ ላይኛው ጋ ሂሳቡ በሚሊዮን ነው። ስለዚህ ባለቤትሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ የሁለተኛው ዓመት ገንዘብ ከየት ይመጣል? መልሱ «ካሸነፈ አንድ ሰው ያየዋል» ከሆነ፣ የ2017ን ታሪክ መልሰሽ አንብቢለት።

ወደ ሂሳቡ እንግባ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ያቺ በትንሽ ጽሑፍ የተጻፈችው ነገር ትልቅ ናት። ቫቱ 20 በመቶ ነው። 320,000 ሲደመርበት 384,000 ይሆናል። ከቤቱ 200,000 ብትበደሩ የጎደለው 120,000 ሳይሆን 184,000 ፓውንድ ነው፣ ማለትም ቤታችሁን ካስያዛችሁበት ጋር የሚቀራረብ ሌላ ገንዘብ ነው። ይህን የሚሰጥ ስፖንሰር እስካሁን በስም አታውቁትም። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግጭት ጉዳት ዋጋው ውስጥ የለም። 15 ዓመት የሞላው ልጅ ይጋጫል፣ የግድ ነው፣ ወይ ራሱ ይሳሳታል ወይ ሌላው ልጅ ይገባበታል። የፊት ክንፍ ተሰበረ፣ የጎማ ክንድ ታጠፈ፣ ሂሳቡ በሳምንቱ ኢሜይል ላይ ነው። ሆቴሉ፣ ነዳጁ፣ እስከ ስኮትላንድ ኖክሂል ድረስ መመላለሱ፣ ባለቤትሽ ከሥራ የሚቀርባቸው ቀኖች፣ ይሄ ሁሉ ከዚያ ውጪ ነው።

200,000ውን በ5 በመቶ ወለድ ለ25 ዓመት ብትወስዱት በወር ወደ 1,170 ፓውንድ ትከፍላላችሁ፤ አሁን በየወሩ ከምትከፍሉት የቤት ብድር (ሞርጌጅ) ሌላ ተጨማሪ ማለት ነው። ጠቅላላው ከ350,000 ያልፋል። ልጁ 40 ዓመቱ ሲሆን ነው የሚያልቀው። ለምን? ለአስር ቅዳሜና እሁድ። ሲዝኑ አስር ዙር ገደማ ነው፣ በየዙሩ ሦስት ሦስት ውድድር አለ፣ አንዱ ውድድር ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። ደምሪው፤ እውነተኛው የውድድር ሰዓት በዓመቱ አስር ሰዓት አካባቢ ነው።

እናትሽም አለች። ደሴ ያለችውን እናት ወርሃዊ ገንዘብ የሚያስቀር ዕቅድ የቤተሰብ ዕቅድ አይባልም። እሷ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፅ የላትም፣ ስለዚህ ድምፅ ልትሆኛት ይገባል። ትንሿ ልጅሽም (ወይም ትንሹ፣ አልነገርሽኝም) ያደገችበት ቤት ነው ለመያዣነት የሚቀርበው።

ባለቤትሽ የሃሚልተንን አባት ያነሳል። አንተኒ ሃሚልተን በእርግጥ ትልቅ አባት ነው። ሉዊስ ራይ ሃውስ በሚባለው የካርት ትራክ ላይ ካርት ሲጀምር አባትየው አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሥራ ደራርቦ እየሠራ ነው ያስነዳው። ግን ሉዊስን ማክላረን በ1998 ሲወስደው ገና 13 ዓመቱ ነበር። ከካርት ወደ መኪና ሲሻገር ከኋላው ማክላረንና መርሴዲስ ነበሩ። አባትየው የተሸከመው የካርቱን ዘመን ነው፣ ያውም በዚያ ዘመን ዋጋ። እናንተ እኮ ይህን እስካሁን አድርጋችኋል! ከ11 ዓመቱ ጀምሮ ጎማና ሞተር የገዛችሁለት፣ በብርድ ቆማችሁ ያያችሁት እናንተ ናችሁ። ባለቤትሽ ከአንተኒ ሃሚልተን ያነሰ አባት አይደለም፣ ይህንንም ንገሪው።

የኢስቴባን ኦኮንም ወላጆች ቤታቸውን ሸጠው በካራቫን ውስጥ ኖረዋል፣ ልጃቸውም ፎርሙላ 1 ደርሷል። እውነት ነው። እኔ ግን ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ያልደረሰላቸውን ወላጆች አስባለሁ። እነሱን ማንም ቴሌቪዥን ላይ አያቀርባቸውም።

ስለ አደጋው የጠየቅሽኝን አላልፈውም። እናት ናትና ዝም ብላ ትፈራለች የሚሉሽን አትስሚ፣ ፍርሃትሽ መሠረት አለው። በ2017 ኤፕሪል ዶኒንግተን ፓርክ ላይ፣ በዚሁ ሻምፒዮና፣ ቢሊ ሞንገር የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ቆሞ የነበረን መኪና ከኋላው መታ፣ ሁለቱንም እግሮቹን አጣ። ቢሊ በሚቀጥለው ዓመት ለእሱ በተስተካከለ መኪና ወደ ውድድር ተመልሷል፤ ብርታቱ የሚደነቅ ነው። ያሁኖቹ መኪኖች የሹፌሩን ጭንቅላት የሚጠብቀው ሄሎ አላቸው፣ በ2017 አልነበረም። ቁጥጥሩም ሕክምናውም የተሟላ ነው። አብዛኛው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ነድቶ በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል። ግን «ምንም አይሆንም» የሚልሽ ሰው ሁሉንም አልነገረሽም። አደጋውን ልትቀበይው የምትችዪው ልጁ ተዘጋጅቶ፣ በቂ ልምምድ አድርጎ ሲገባ ነው። በልምምድ የተራበ ልጅ፣ ዕዳ ያለበት የቤተሰቡ ቤት ትከሻው ላይ ሆኖ፣ አንዲት ቦታ ለማግኘት መኪናውን የማይገባበት ክፍተት ውስጥ ሲከት ይታየኛል። ለዚህም ነው የገንዘቡና የደኅንነቱ ጉዳይ የማይለያየው።

እንግዲህ ልጁ ምን ያድርግ? እዚህ ላይ ነው ልብሽን እንዲያርፍ የምፈልገው፣ ምክንያቱም «ፎርሙላ 4 ካልሆነ ምንም የለም» የሚለው ነገር ትክክል አይደለም።

15 ዓመት ትንሹ የመግቢያ ዕድሜ ነው እንጂ የመጨረሻው አይደለም። አንድ ዓመት ካርት ላይ ይቆይ። ግን ካርቱ ራሱ ጠንከር ያለ ይሁን፤ እስካሁን ያሸነፈው ክለብ ውስጥ ከሆነ፣ በብሔራዊ ደረጃ ካሉት ጋር ገጥሞ ስንተኛ እንደሚወጣ እንይ። ያ ከየትኛውም ቡድን ደብዳቤ በላይ ይነግራችኋል። በዚያ መሃል አንድ የፎርሙላ 4 የሙከራ ቀን ገዝታችሁ አስነዱት፣ ሙሉ ሲዝን ሳይሆን አንድ ቀን። ስትሄዱ ከቡድኑ ኢንጂነር ዳታውን አብረን እንይ በሉ፣ በዚያው ቀን ከነዳ ልምድ ካለው ልጅ ጋር አስተያይተው ያሳዩዋችሁ። ሻጩን ሳይሆን ኢንጂነሩን ነው ማናገር ያለባችሁ።

ከዚያ ሌላ በር አለ። ፎርሙላ ፎርድን ባለቤትሽ ያውቀዋል ብዬ እገምታለሁ። ክንፍ የሌለው፣ ቀላል፣ የድሮ ዓይነት ማርሽ ያለው መኪና ነው፣ ወጪውም ከፎርሙላ 4 በጣም ያነሰ ነው፣ ሁለተኛ እጅ መኪና ገዝተው አባትና ልጅ ራሳቸው እየጠገኑ የሚወዳደሩ ቤተሰቦች አሉ። በየዓመቱ ኦክቶበር ላይ ብራንድስ ሃች የሚደረገው የፎርሙላ ፎርድ ፌስቲቫል ስሙ የገነነ ነው፣ ትልልቅ ሹፌሮች ወጥተውበታል። እኔ ብጠየቅ አውቶቡስ ነጂ አባትና የ16 ዓመት ልጅ አብረው የሚሠሩበትን ይህን መንገድ እመርጣለሁ።

ሲሙሌተሩንም እንደ ጌም ብቻ አትዪው። የ2024ቱ የብሪታንያ ፎርሙላ 4 ሻምፒዮን ዲገን ፌርክላፍ ወደዚህ ሻምፒዮና የገባው በሲሙሌተር ውድድር አሸንፎ ወጪው የተሸፈነለት ወንበር አግኝቶ ነው። ይህ ለሁሉም አይሆንም፣ እንደዚህ ዓይነት ዕድል በየዓመቱም አይመጣም። ግን ቤት ሳያስይዝ የገባ ልጅ ሻምፒዮን እንደሆነ ልጅሽ ይወቅ። አቢ ፑሊንግንም ይወቃት። በ2021 በዚሁ ሻምፒዮና ስትነዳ ገንዘብ አልቆባት ሲዝኑን አቋርጣ ነበር። ከዚያ ሌላ መንገድ ይዛ ቆየችና በ2024 ተመልሳ ብራንድስ ሃች ላይ የብሪታንያ ፎርሙላ 4 ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ማቋረጥ ማለቅ አይደለም።

ደግሞ ይህ ስፖርት ከሹፌሩ ውጪ ስንት ሰው ይዟል። አገሩ ሁሉ እኮ እዚያው አጠገባችሁ ነው፤ አብዛኞቹ የፎርሙላ 1 ቡድኖች ፋብሪካቸው ኖርዝሃምፕተንሻየር፣ ኦክስፎርድሻየር፣ ሚልተን ኪንስ አካባቢ ነው። ሲልቨርስቶን ትራክ አጠገብ ከ14 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች ኢንጂነሪንግ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አለ። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ተማሪዎች ራሳቸው መኪና ሠርተው በየክረምቱ ሲልቨርስቶን የሚወዳደሩበት ፎርሙላ ስቱደንት አለ፣ የዩኒቨርሲቲዎች የካርት ሻምፒዮናም አለ። ሉዊስ ሃሚልተን ራሱ ያቋቋመው ኮሚሽን በ2021 ያወጣው ጥናት ጥቁር ልጆች በዚህ ኢንዱስትሪ ውስጥ ምን ያህል ጥቂት እንደሆኑ፣ ለምን እንደቀሩም በዝርዝር አሳይቷል። ከዚያ ወዲህ ቡድኖቹ በር ለመክፈት የስኮላርሺፕና የሥራ ልምምድ ፕሮግራም ጀምረዋል። ልጅሽ ዳታ ማንበብ ከወደደ፣ የሒሳብ ውጤቱ ከዋንጫዎቹ እኩል ዋጋ አለው። ይህን የምለው ህልሙን በሌላ ለመተካት አይደለም። እየነዳም መማር ይችላል፣ ፈጣን ሹፌሮችም መኪናውን የሚያውቁት ናቸው።

ስለ ዘመድ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። ከቤተክርስቲያን ሰዎች፣ ከዕቁብ ጓደኞች፣ ከአክስት ከአጎት የሚሰበሰበው መዋጮ ስጦታ ከሆነና መጠኑ ትንሽ ከሆነ ተቀበሉ፣ ልጁም ስማቸውን ካርቱ ላይ ይለጥፍላቸው፣ ደስ ይላል። ብድር ግን አትውሰዱ። ሲዝኑ ሲያልቅ ባዶ እጃችሁን ነው የምትወጡት፣ መኪናው የቡድኑ ነው፣ ተሽጦ የሚመለስ ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ሰርግ ላይ፣ ልቅሶ ላይ፣ ክርስትና ላይ የምትገናኙት ከአበዳሪዎቻችሁ ጋር ነው። ስፖንሰር መፈለግ ከፈለጋችሁ ከአሁኑ ለካርቱ ፈልጉ። ባለ ሬስቶራንቱን፣ ባለ ጋራዡን፣ የሂሳብ ሠራተኛውን ሂዱና አናግሩ። ልጁ ራሱ ይናገር። ለካርት 2,000 ፓውንድ ማግኘት ካልቻላችሁ ለፎርሙላ 4 184,000 አይገኝም። ካገኛችሁ ደግሞ ጥሩ ጅማሬ ነው፣ ልጁም መናገር ይለምዳል።

ባለቤትሽን እንዴት እንደምታናግሪው አስቢበት። ውድድር በዋለበት ቀን ማታ አይሁን፣ ያኔ ደሙ ሞቋል። ልጆቹ በሌሉበት፣ ቡና አፍልተሽ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። «እምቢ» ብለሽ አትጀምሪ። «አብረን እንጻፈው» በዪው። ቫቱን፣ የግጭቱን፣ የሁለተኛውን ዓመት፣ የወር ክፍያውን፣ የእናትሽን፣ ሁሉንም በራሱ እጅ ይጻፈው። አብዛኛው ሰው ቁጥሩን ራሱ ሲጽፈው ነው የሚገባው። ምናልባት ከዚህ ሁሉ ጀርባ የራሱ የልጅነት ህልም አለ፣ ልጅ እያለ ያላገኘው ነገር ሊሆን ይችላል። ካለ አትንቂበት፣ ያውራልሽ፣ ስሚው። ከቡድኑ ጋር ንግግሩን መቀጠል ከፈለገም ይቀጥል፣ ግን በጽሑፍ ይጠይቃቸው፤ ስንት የልምምድ ቀን ይካተታል፣ ስንት አዲስ ጎማ፣ ለግጭት ጣሪያ አለው ወይ፣ ኢንጂነሩ ማነው፣ መሃል ላይ ብናቆም ምን ያህል ዕዳ ይቀርብናል፣ የቅድሚያ ክፍያው ተመላሽ ነው ወይ። መልሱን ጠበቃ ሳያየው አንድ ፊርማ እንዳታስቀምጡ። በተለይ መሃል ላይ ማቆም የሚለውን፤ ልጁ ባይነዳም ሙሉውን ክፈሉ የሚሉ ውሎች አሉ። የወሩ መጨረሻ የሚባለውም የእነሱ ቀን ነው፣ የእናንተ አይደለም። ጥሩ ልጅ ኦክቶበርም ላይ ጥሩ ነው፣ ጃንዋሪም ላይ።

ልጄ ይወቅሰኛል ብለሽ ለሰጋሽው፣ የሚወቅስሽ ከደበቅሽው ነው። 15 ሊሞላው የተቃረበ ልጅ ሂሳብ ይገባዋል። ሦስታችሁም ተቀመጡና ወረቀቱን አሳዩት። ይህን ያህል ይጠይቃል፣ ይህን ያህል አለን፣ ከዚህ በላይ ብንሄድ አያትህ ትቸገራለች፣ ቤታችንም ያጠራጥራል፣ ስለዚህ ዘንድሮ አይሆንም፣ ግን ይህንና ይህን እናደርጋለን በዪው፤ የካርቱን ሻምፒዮና በስሙ፣ የሙከራውን ቀን በወሩ ንገሪው። ያለቅሳል። ክፍሉን ዘግቶ ይቀመጥ ይሆናል፣ አባቱንም ሊያኮርፍ ይችላል። ተዪው፣ ጊዜ ስጪው። ሲወጣ ምን ማድረግ እንደሚፈልግ ራሱ ይንገራችሁ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ዕቅድ እሱ ይጻፈው፣ ከትምህርቱ ጋር አስማምቶ፤ ጂሲኤስኢ የሚባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ፈተናው እኮ ቀርቧል።

የሙከራውን ቀን ከያዛችሁ በኋላ ጻፊልኝ። ኢንጂነሩ ምን እንዳላችሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።